አሥራ ሁለቱ በሮች ወዴት ይዙሩ?

ባለፈው እሑድ ቱሉ ዲምቱ አንዲት የማውቃቸው ሴትዮ ቡና ጠርተውኝ ሄድኩ። ቡናው ሰበብ ነው። ከቤታቸው ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ለተማሪ የሚከራይ ሰርቪስ ሊሠሩ ነው። መሬቱ ላይ በኖራ ተሰምሯል። አሥራ ሁለት ክፍል፣ እያንዳንዱ ሦስት በሦስት፣ በአንድ ረድፍ፣ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ። ሽንት ቤቱ ከመጨረሻው ክፍል አልፎ ጥግ ላይ ነው።

አቦሉ ሳያልቅ ክርክሩ ተነሣ።

«የማስገባው የሰው ልጅ ነው» አሉ ሴትየዋ። «እናቱ ከክፍለ ሀገር ደውላ አደራ ትለኛለች። አደራ ከበላሁ ምን እላታለሁ?» ሐሳባቸው የተቆረጠ ነው። የግቢው በር ማታ 3 ሰዓት ይቆለፋል። መስኮቱ ሁሉ ብረት ይገባለታል። የየክፍሉ ትርፍ ቁልፍ እሳቸው ጋ ይቀመጣል።

አሁን ፊት ለፊት ባለው ሰርቪስ የተከራየች የማታ ተማሪ አብራን ነበረች። ሲኒውን አስቀመጠችና «እትዬ፣ እኔ ከክፍል የምወጣው 2 ሰዓት ተኩል ነው» አለች። «ከዚያ እስከ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ደግሞ የቱሉ ዲምቱ ታክሲ ሰልፍ። 3 ሰዓት ሲሆን ገና ሰልፍ ላይ ነኝ። የሚያስፈራኝ ውጪው ነው። በሩ ደግሞ ውጪ ያስቀረኛል።»

ጎረቤታቸው ጡረታ የወጡ ፖሊስ ናቸው። እሳቸው ለሴትየዋ አገዙ። «ሌባ በአጥር ብቻ አይገባም፤ ጓደኛዬ ነው ተብሎ በበር ይገባል። ስንት ላፕቶፕ የጠፋው እንደዚያ ነው» አሉ። ልጅቷም «እሱስ ልክ ነዎት ጋሼ» አለች። ለእንግዳ ሕግ ቢወጣ ቅር አይላትም። ቅር የሚላት ተከራዩን ራሱን ውጪ የሚያስቀር ሕግ ነው።

የሴትየዋ የወንድም ልጅ አርክቴክቸር የተማረ ነው። እስከዚያ ዝም ብሎ ነበር። ተነሥቶ ወደ ኖራው መስመር ሄደና በእንጨት መሬቱን እየጫረ አንድ ነገር አስረዳን። አሜሪካ ውስጥ አንድሩ ባም እና ስቱዋርት ቫሊንስ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተማሪ ማደሪያዎችን አነጻጽረው ነበር። በአንዱ ዓይነት ከ30 በላይ ተማሪ በአንድ ረጅም ኮሪደር ላይ ይኖራል፤ መታጠቢያውም የጋራ ነው። በሌላው ጥቂት ተማሪዎች አንድ ትንሽ ሳሎን ዙሪያ ይኖራሉ። ለአንድ ሰው የሚደርሰው ቦታ ብዙም አይለያይም። ግን የኮሪደሮቹ ልጆች ተጨናንቀናል ይሉ ነበር። ከሰውም ይሸሹ ነበር። ባም እ.ኤ.አ. በ1980 ከሌላ ባልደረባው ጋር ደግሞ አንድ ረጅም ኮሪደር መሃሉ ላይ ከፈለ፤ ጥቂት መኝታ ክፍሎችን ወደ መቀመጫ ቀየረ። የመጨናነቁ ስሜት ቀነሰ።

«ሰው በጣም ሲበዛበት በሩን ይዘጋል» አለ ልጁ። «አራት አምስት ሲሆን ሰላም ይላል። የማን እንግዳ እንደመጣም ያውቃል። ጥበቃው እሱ ነው።»

«መኝታ ወደ መቀመጫ ቀየረ ማለት ኪራዩ ቀረ ማለት ነው» አሉ ሴትየዋ። እውነታቸውን ነው። ሥራውን የያዘው ፎርማንም ረድፍ ይረክሳል፣ አንዱ ግድግዳ ለሁለት ክፍል ያገለግላል አለ።

ጋሼ ኮንዶሚኒየሙን አነሡ። «ለነዋሪው የጋራ ተብሎ የተሠራውን ኮሙናል ቤት አታዩም? እኛ ሰፈር ያለው ሁልጊዜ እንደተቆለፈ ነው። የጋራ የተባለ ነገር የማንም አይደለም።»

ያኔ ልጅቷ የቧንቧውን ነገር አወራች። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው የሚቀዳው። ቢጫ ጀሪካን ደርድረው፣ ጋቢ ደርበው፣ ተራ ይጠብቃሉ። አጠገቧ ያለችውን ልጅ ያወቀቻት እዚያ ነው። አንድ የክረምት ማታ መብራት ጠፍቶ ያቺ ጎረቤቷ ከሰል አያይዛ ክፍሏ አስገባች፤ በርና መስኮቱን ዘጋች። ይቺኛዋ ውሃ መጣ ልትላት ሄዳ ብታንኳኳ መልስ የለም። ደግማ ደበደበች። ጎረቤቷ ራሷን ይዛ፣ እየተንገዳገደች ከፈተችላት። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል።

«ባንተዋወቅ ኖሮ ተኝታለች ብዬ እመለስ ነበር» አለች። ጋሼ ዝም አሉ።

እኔ ፍርዴን ሰጠሁ፤ እዚህም ልድገመው። ተማሪ ሳለሁ አንድ አከራይ በትርፍ ቁልፍ ክፍሌ ይገባ ነበር። አልጋዬ ላይ የተውኩት ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አገኘሁት። ከዚያ ወዲያ ያ ክፍል ቤቴ አልነበረም። ስለዚህ ትርፍ ቁልፉ ይኑር፤ ግን ፖስታ ውስጥ ታሽጎ፣ ማሸጊያው ላይ ተከራዩ ፈርሞበት። እሳት ወይም ሕመም ከመጣ ይቀደዳል። አለዚያ አይነካም። የመስኮቱ ብረትም ይግባ፤ ግን በማጠፊያ ይሁን፣ ከውስጥ የሚከፈት። በሩ ላይ እሳት ቢነሣ ልጁ በየት ይውጣ? ስለ እንግዳ ጋሼ ልክ ናቸው፤ ማታ ማታ እንግዳ አይደር። የግቢውን በር ግን ለየተከራዩ ቁልፍ ይስጡት።

አሥራ ሁለቱ ክፍሎች ስድስት ስድስት ሆነው ይተያዩ። አንዷ ክፍል ኩሽና ትሁን፤ መስኮቷ ወደ ግቢው በር ይዙር፣ ጭስ ማውጫ ይኑራት፤ ከሰሉ እዚያ ይቅር። ቧንቧው ከበሯ አጠገብ ይሁን። የአንድ ክፍል ኪራይ ይቀራል፤ ብዙ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ከአደራው ጋር የሚሄደው ይሄ ነው።

ሴትየዋ እናያለን አሉ። ይህ ሁሉ ከከበዳቸው አንድ ነገር ብቻ እለምናቸዋለሁ። ሽንት ቤቱ ከዚያ ጥግ ይነሣ። አንዲት ልጅ ሌሊት መብራት በሌለበት አሥራ አንድ የተዘጋ በር አልፋ አትሂድ። መሠረት የሚቆፈረው ሐሙስ ነው። ኖራ በእግር ይጠፋል።