ደስታው ከእስር ቤት የተጻፈ ነው

በስብከተ ገና፣ ገናን በምንጠብቅባቸው ሳምንታት፣ አንድ ነገር ያሳስበኛል። ሰው ሐዘን ላይ ሆኖ፣ ወይ ሥራ አጥቶ፣ ወይ የሕክምና ውጤት እየጠበቀ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ "ክርስቲያን አይደለህ እንዴ? ደስ ይበልህ እንጂ!" እንለዋለን። በቅንነት ነው የምንለው። ሰውየው ግን ሌላ ሸክም ተጨምሮበት ይመለሳል፤ ባለመደሰቱም ጥፋተኛ የሆነ ይመስለዋል።

በብዙ አብያተ ክርስቲያናት የስብከተ ገና ሦስተኛው እሁድ የደስታ እሁድ ነው። በየእሁዱ አንድ በአንድ ከሚበሩት የወቅቱ ሻማዎች፣ ከሐምራዊዎቹ መካከል ሮዙ የሚበራው ያን ቀን ነው። መነሻው ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች የጻፈው ቃል ነው፦ "ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ።" ጥቅሱን ብዙዎቻችን በቃላችን እናውቀዋለን። ጳውሎስ ግን ይህን የጻፈው ታስሮ፣ ይሙት ይፈታ ባልለየበት ጊዜ ነው። ምክንያቱንም ወዲያው ይነግረናል፦ "ጌታ ቅርብ ነው።" ችግሬ አለፈ አላለም።

ይበልጥ የሚገርመኝ ደግሞ በዚያው እሁድ፣ በሦስት ዓመት አንዴ፣ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የሚነበበው ወንጌል ነው። ማቴዎስ 11። ኢየሱስን "እነሆ የእግዚአብሔር በግ" ብሎ ያስተዋወቀው መጥምቁ ዮሐንስ እስር ቤት ሆኖ "የሚመጣው አንተ ነህን ወይስ ሌላ እንጠብቅ?" ብሎ ይልካል። በደስታው እሁድ እኮ ነው! አንዳንዶች ለደቀ መዛሙርቱ ብሎ ነው የጠየቀው ይላሉ፤ እኔ ግን ጥያቄው የራሱም ይመስለኛል። ኢየሱስ አልተቆጣውም። ያያችሁትንና የሰማችሁትን ንገሩት አለ፦ ዕውሮች ያያሉ፣ አንካሶች ይሄዳሉ፣ ለድሆች ወንጌል ይሰበካል። መልእክተኞቹ ሲሄዱም በሕዝቡ ፊት ከሴቶች ከተወለዱት ከዮሐንስ የሚበልጥ አልተነሣም ብሎ መሰከረለት። ዮሐንስ ግን አልተፈታም። እዚያው አንገቱ ተቆረጠ።

ጀርመናዊው ፓስተር ዲትሪሽ ቦንሆፈር በ1943 እ.ኤ.አ. ከበርሊኑ ቴግል እስር ቤት ለወዳጁ ሲጽፍ የእስር ክፍሉን ከዚህ ወቅት ጋር አመሳስሎታል። ሰው ይጠብቃል፣ ተስፋ ያደርጋል፣ በሩ ግን የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነው። እኔም ክርስቲያናዊ ተስፋን የምረዳው እንዲህ ነው። ራሴን አበረታትቼ የማመጣው ስሜት ቢሆን ኖሮ አቅም ባጣሁ ቀን አብሮኝ ያልቅ ነበር። የሚመጣው ጌታ ራሱ ከሆነ ግን እያለቀስኩም መጠበቅ እችላለሁ።

ስለዚህ ዘንድሮ አጠገባችሁ መዝሙሩ ከአፉ አልወጣ ያለው ሰው ካለ አትጎትጉቱት። አብራችሁት ተቀመጡ። እሱ የዮሐንስን ጥያቄ ቢጠይቃችሁም አትደንግጡ፣ ስብከትም አትጀምሩ። እግዚአብሔር በሕይወታችሁ ሲሠራ በዓይናችሁ ያያችሁትን አንድ ነገር ንገሩት፤ ከዚያ እሱ የሚለውን ስሙ።