የ2029 ይቆየን፣ መጀመሪያ ስታዲየሙን ክፈቱልን

ኅዳር 7 ቀን 2017 ብሔራዊ ቡድናችን፣ ዋሊያዎቹ፣ በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ በሜዳቸው ታንዛኒያን አስተናገዱ። ሜዳቸው የት ነው? ኪንሻሳ፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) በአገራችን ስታዲየሞች እንዳንጫወት ስለከለከለን። ሁለት ለባዶ ተሸነፍን። ከሦስት ቀን በኋላ እዚያው ከተማ፣ እዚያው ሣር ላይ ዴሞክራቲክ ኮንጎን ገጠምን፤ በዚህኛው ጨዋታ ደግሞ እንግዳ እኛ ነን። በአንድ ሳምንት ውስጥ በሰው አገር አንዴ ባለቤት አንዴ እንግዳ ሆነን ተመለስን። ይኼንን የሚገርም ነገር ነው ብሎ የተናገረ ባለሥልጣን አልሰማሁም።

የሰማሁት ሌላ ነው። ጥቅምት 12 ቀን የካፍ ጠቅላላ ጉባኤ እዚሁ አዲስ አበባ ተካሄደ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በእንግዶቹ ፊት ኢትዮጵያ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የ2029ን የአፍሪካ ዋንጫ ማዘጋጀት እንደምትፈልግ ተናገሩ። ተጨበጨበ። ልክ ከሳምንት በፊት፣ ጥቅምት 5 ቀን፣ ብሔራዊ ቡድናችን አቢጃን ላይ በሜዳው በጊኒ ሦስት ለባዶ ተሸንፎ ነበር። አንድ የማጣሪያ ጨዋታ አገሯ ላይ ማድረግ ያልቻለች አገር ሙሉ ውድድር ላዘጋጅ ትላለች። ቤቱን አፍርሶ፣ ልጆቹን ጎረቤት አሳድሮ፣ ለሰርግ ጥሪ ወረቀት የሚበትን ሰው ሲያጋጥማችሁ ምን ትላላችሁ?

ምኞቱ አይደለም ያናደደኝ። የአፍሪካ ዋንጫን ከመሠረቱት አገሮች አንዷ ነን፣ ማዘጋጀት ይገባናል። የሚያናድደው ከስብሰባው አዳራሽ ትንሽ ነዳ ብሎ ማየት የሚቻለውን አዲስ አበባ ስታዲየምን ማንም አለማንሳቱ ነው። ፕሪሚየር ሊጉ እዚያ የተጀመረው ለመጨረሻ ጊዜ ታኅሣሥ 2013 ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው መልስ አንድ ነው፤ እድሳት ላይ ነው። አንዴ ስለ ሣሩ እንሰማለን፣ አንዴ ስለ መልበሻ ክፍሉ፣ አንዴ ስለ ወንበሩ። አንደኛው ምዕራፍ ይባላል፣ ሁለተኛው ምዕራፍ ይባላል። በቅርቡ ይጠናቀቃል የሚለውን እንኳ ጆሯችን ለምዶታል።

ይኼን ስታነሱ የሚመጣው መልስ ደግሞ የታወቀ ነው። «ብቻችንን አይደለንም፣ ካፍ የከለከለው ብዙ አገር ነው።» በየስፖርት ፕሮግራሙ፣ በየመግለጫው የምትሰሙት ይኼንኑ ነው። እውነት ነው፣ ብዙ ነን። ጊኒም ያኔ ካፍ የፈቀደው ሜዳ አልነበራትም፤ ለዚህ ነው ጥቅምት ላይ ሁለት ሜዳ አልባዎች አቢጃን ተቀጣጥረን ሁለቱንም ጨዋታ እዚያው የጨረስነው። ግን ይኼ እንዴት መጽናኛ ይሆናል? ብዙ ሰው ወድቋል ብሎ ፈተናውን የሚተው ተማሪ አለ? ደግሞ ከብዙዎቹ መሀል እየወጡ ያሉትን ለምን አናይም? ሩዋንዳ የአማሆሮ ስታዲየምን እድሳት በ2014 ጀመረች፣ ሰኔ 2016 መርቃ ከፈተች። 25 ሺህ ሰው ይይዝ የነበረው 45 ሺህ የሚይዝ ሆነ። ኡጋንዳም ናምቡሌን አድሳ ቡድኗን ወደ አገሯ መልሳለች። እነዚህ የነዳጅ ሀብታሞች አይደሉም፣ የምሥራቅ አፍሪካ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ካፍም ለእነሱ ለየት ያለ መስፈርት አላወጣላቸውም። ያው ወንበር፣ ያው መብራት፣ ያው መልበሻ ክፍል ነው የተጠየቀው።

አሁን ገንዘብ የለም ልትሉኝ ነው። ይኼ ነው እኔን የሚያቃጥለኝ፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ከስታዲየሙ በር ቁሙና መንገዱን አሻግራችሁ ተመልከቱ። መስቀል አደባባይ ነው። ያ አደባባይ ተቆፈረ፣ ከሥሩ 1,400 መኪና የሚይዝ ማቆሚያ ተሠራለት፣ ከላይ በንጣፍ፣ በመብራት፣ በትልልቅ ስክሪን አሸብርቆ ሰኔ 2013 ተመረቀ። በመሀል ኮቪድ ነበር። የውጭ ምንዛሪ እጥረት ያኔም ነበር። ጦርነትም ነበር። ሁሉም ነበር፣ ሥራው ግን አለቀ። ቀን ከሌሊት ተሠራ፣ ትልልቆቹ ባለሥልጣናት በየጊዜው እየመጡ ጎበኙት፣ ቴሌቪዥን አልተለየውም። መጣ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ። የካቲት 2016 ላይ ተጀመረ ሲባል ስንሰማ ብዙዎቻችን ይኼም እንደሌላው ዓመታት ይፈጃል ብለን ነበር። በወራት ውስጥ ፒያሳ ፒያሳ አልመስል አለች። ሰፈር ሙሉ ተነሣ፣ የእግረኛ መንገድ ተነጠፈ፣ የብስክሌት መንገድ ተሠመረ፣ ፋውንቴን ተተከለ። ስለ ኮሪደር ልማቱ ብዙ የሚባል አለ፣ ለዛሬ ይቆየኝ። አንድ ነገር ግን አሳይቶናል፤ ይኼ ከተማ ሥራ መጨረስ ይችላል። ሲፈለግ ገንዘብ ይገኛል፣ ማሽን ይገኛል፣ ሌሊት የሚሠራ ሰው ይገኛል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ?

እንግዲህ ንገሩኝ፤ በአንድ አስፋልት ከሚለያዩ ሁለት ቦታዎች አንዱ አልቆ ዓመታት ሲቆጠሩ ሌላው ለምን ምዕራፍ ይቆጥራል? ምሕንድስናው ከብዶ ነው? ከመሬት በታች መኪና ማቆሚያ ከመቆፈርና ወንበር በብሎን ከማሰር የቱ ይከብዳል? እኔ የምጠረጥረውን ልናገር። አደባባዩ ለእንግዳ ይታያል፣ ከድሮን ሲነሳ ያምራል። ስታዲየሙን የሚፈልገው ግን በዝናብ ፌስታል ጭንቅላቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ሲሚንቶ ላይ ካርቶን አንጥፎ ዘጠና ደቂቃ የሚጮኸው ነው። በስታዲየሙ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ በሚባሉት ቦታዎች የሚቀመጠው። እሱ ደግሞ የሚጋበዝበት ጉባኤ የለም። የኔ ጥርጣሬ ስህተት ከሆነ ማስተባበል ቀላል ነው፤ የሚከፈትበትን ቀን መናገር ብቻ በቂ ነው።

ሌላም ማምለጫ አለ፤ አደይ አበባ። «አዲሱ ብሔራዊ ስታዲየም ሲያልቅ ችግሩ ይፈታል» ይባላል። ከ60 ሺህ በላይ ሰው እንዲይዝ ታስቦ በ2008 ነው የተጀመረው። ያኔ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ በ2017 አሥረኛ ክፍል ደረሰ። ገና ያላለቀ ስታዲየም ለሌላ ላላለቀ ስታዲየም ምክንያት ሆኖ ሲቀርብ ማየት የኛ አገር ብቻ ተአምር ይመስለኛል።

ከሁሉም የሚያስቀኝ ግን ይኼኛው ነው፤ «ሜዳ ሰበብ ነው፣ ጥሩ ቡድን የትም ያሸንፋል።» ማስረጃው ሰኔ 2014 ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን ሁለት ለባዶ ማሸነፋችን ነው። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ያገቡበት። በኋላ ደግሞ ኪንሻሳ ላይ ኮንጎን ሁለት ለአንድ ማሸነፋችን ተጨምሮበታል። ደስ ብሎናል፣ ጨፍረናል። ግን ያንን የግብፅ ጨዋታ አስቡት እስቲ። ግብፅን ሁለት ለባዶ! ያ ቀን አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ከተማው ይተኛ ነበር? ከስታዲየም እስከ ለገሀር፣ ከለገሀር እስከ ፒያሳ ምን ይሆን ነበር? ከዚህ ትውልድ ታላላቅ ድሎች አንዱን ማላዊ ውስጥ ጥሩ ጨዋታ ለማየት የመጡ ማላዊያን እና ጥቂት እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን አዩልን። እኛ በቲቪ።

ኳሱንም ካነሳን አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የምዕራብ አፍሪካ ተጫዋች እዚህ ሲመጣ በስልሳኛው ደቂቃ ትንፋሹ ያጥራል፤ ይኼን ድሮም የምናውቀው ነው። ዋናው መሣሪያችን ነበር። ከዚያ በኋላስ የት ነው ያስተናገድነው? አቢጃን፣ ዳሬሰላም፣ ኤል ጀዲዳ። ሁሉም ባሕር ዳርቻ ናቸው። ደገኛ ልጆች ሰብስበን ወበቅ ውስጥ እየከተትን በሜዳችን ተጫወትን እንላለን። ጋናን በ2014 ኅዳር ላይ ጆሃንስበርግ ነው ያስተናገድነው። ለሁሉም ጉዞ ደግሞ የሚከፈለው በዶላር ነው፣ ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ በገበያ እንዲተመን ከተለቀቀ ወዲህ በእጥፍ በተወደደው ዶላር። የሜዳ ኪራይ አለ፣ ሆቴል አለ፣ ትኬት አለ። ይኼ ሁሉ ገንዘብ ተደምሮ ስንት ወንበር ያስገጥም እንደነበር የሚያሰላልን ሰው ጠፋ።

የሊጉማ ሌላ ጉድ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ኢትዮጵያ ቡና፣ መቻል፣ ንግድ ባንክ የአዲስ አበባ ክለቦች ናቸው። በ2017 ሊጉ የተጀመረው ግን ድሬዳዋ ነው። የጊዮርጊስና የቡና ጨዋታ፣ የሸገር ደርቢ፣ ከሸገር ውጪ ነበር የሚካሄደው። ሊጉ በአንድ ከተማ ተሰብስቦ የሚካሄደው ለቴሌቪዥን ስርጭቱ ስለሚመች ነው ይባላል፤ እሺ፣ ይሁን። ግን ከሚዞሩት ከተሞች መሀል የእነዚህ ክለቦች መቀመጫ የሆነችው ዋና ከተማ አልነበረችም። የቡና ደጋፊ ቡድኑን ለማየት አውቶቡስ ተሳፍሮ ሀዋሳ መውረድ ነበረበት። የሚችለው ስንቱ ነው?

ውጤቱን በየሰፈራችን እያየነው ነው። በ2013 ሰባት ዓመቱ የነበረ ልጅ በ2017 አሥራ አንድ ሞላው። አባቱ እጁን ይዞ ስታዲየም ሊወስደው የሚችልበት ምርጥ ዕድሜ አለፈ። ይኼ ልጅ የአርሰናልን አሰላለፍ ከነተቀያሪው ይነግራችኋል። የጊዮርጊስን በረኛ ስም ጠይቁት፣ ያፈጣል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ዲኤስቲቪ ቤት ገብታችሁ ወንበሩን የሞላው ማን እንደሆነ ተመልከቱ። ከዚያ ባለሥልጣኖቹ መጥተው «የአገር ውስጥ እግር ኳስ ደጋፊ ቀንሷል» ይሉናል። በሩን ዘግታችሁ ማን ይምጣ?

አንድ ነገር ልቀበል። ስታዲየሙ መታደስ ነበረበት። ሽንት ቤቱን ያየ ሰው በዚህ አይከራከርም። ካፍም ያለ ምክንያት አልከለከለንም። ግን እድሳት መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ሥራ ነው። ሲያልቅስ ምን ይሆናል? ወደ 35 ሺህ ሰው ይይዛል ሲባል የኖረ ቦታ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ወንበር ሲገጠምለት ስንት ይይዛል? ካታንጋ በስንት ብር ይገባል? ወይስ ካታንጋ የሚባለው ቀርቶ «ቪአይፒ ሁለት» ይባልልናል? ይኼን የሚጠይቀን ሰው የለም። ደጋፊ ማኅበራቱን ሰብስቦ ያማከረ ሲኖር ብንሰማ ደስ ይለን ነበር።

ይኼ ቦታ ዝም ብሎ ኮንክሪት አይደለም። ጥር 13 ቀን 1954 ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት አራት ለሁለት አሸንፈን ብቸኛውን የአፍሪካ ዋንጫችንን ያነሳነው እዚህ ነው፤ ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሡ እጅ የተቀበለው። ጥቅምት 2005 አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ ሱዳን ላይ አግብተው ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የመለሱን እዚህ ነው። ከዓመት በኋላ ለናይጄሪያው ጨዋታ ሰው ሌሊቱን ተሰልፎ ያደረው እዚሁ በር ላይ ነው። ተሸነፍን፣ አልቅሰን ወጣን፣ ግን እዚያው ነበርን።

መጋቢት 2017 ላይ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ግብፅን በሜዳችን ገጠምን፣ ማለትም ከአገራችን ውጪ አንድ ቦታ። ባህልና ስፖርት ሚኒስቴር ሦስት ነገር ይንገረን። ሥራው በማን እጅ ነው፣ እስካሁን ስንት ብር ወጣበት፣ በሩ የሚከፈተው በየትኛው ቀን ነው? «በቅርቡ» ቀን አይደለም። ይኼን መመለስ ካቃታቸው ስለ 2029 በየመድረኩ ማውራቱን ቢያንስ እኛ ፊት ይተዉልን።