እንኳን ፊዚክስ አወቃችሁልን

ቅዳሜ ጸጉር ቤት ተቀምጫለሁ። ግማሽ ጭንቅላቴ ተላጭቷል፣ ግማሹ ተራውን ይጠብቃል። ቴሌቪዥኑ ላይ የድሮ ሬስሊንግ፣ ያ የአሜሪካኖቹ የትግል ትርኢት፣ ተከፍቷል። ቻይና (አገሩን ሳይሆን ሴት ታጋይዋን ነው የምላችሁ) ወንዱን ታጋይ ጄፍ ጃሬትን ጊታር አናቱ ላይ ሰብራ ጣለችው። እንደ ፈረንጆቹ በ1999 ነው። የኢንተርኮንቲኔንታል ሻምፒዮን ቀበቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴት ወገብ ላይ ያረፈው ያን ዕለት ነው።

ይሄኔ ወረፋ ከሚጠብቁት አንዱ ብድግ አሉ። "ኧረ ባካችሁ! ሴት ወንድ ጣለች? ፊዚክሱም አይፈቅድም! ይሄማ ድራማ ነው!" ጸጉር ቆራጩም ቶንዶሱን አጥፍቶ ዞረ።

ታውቋቸዋላችሁ እነዚህን ሊቃውንት። ዓመቱን ሙሉ አንቀላፍተው ወንድና ሴት አንድ ሪንግ ውስጥ ሲገቡ ብቻ የሚነቁት። ዕድሜ ይስጣቸው! እነሱ ባይኖሩ ውጤቱ ቀድሞ የተጻፈ መሆኑን ማን ይነግረን ነበር?

የእኛው ሊቅ አንደርቴከርን፣ ያን ሬሳ ሆኖ የሚተውነውን ታጋይ፣ ቪዲዮ ቤት እየተጋፉ አይተው ያደጉ ናቸው። ራሳቸው ናቸው ያወሩን። እንደ ፈረንጆቹ 1994፣ ሮያል ራምብል የተባለው የሬስሊንግ ዝግጅት፣ የሬሳ ሣጥን ግጥሚያ። ተጋጣሚው ዮኮዙና ብቻውን አልቻለውም፣ አሥር ያህል ጎረምሳ ተጨመረለት። የአንደርቴከር ኃይል ያለበት ማሰሮ ሲከፈት አረንጓዴ ጭስ ቦለል አለ። ሰውዬው ሣጥን ውስጥ ተቆለፈበት። መብራት ጠፋ። ከዚያ ከተዘጋው ሣጥን ውስጥ በስክሪን ብቅ ብሎ ንግግር አደረገ። ንግግሩን ጨርሶ ወደ ጣሪያው አረገ። አዎ፣ አረገ! ሊቃችን ምን አሉ? ጭጭ። ነሐሴ ላይ ተመልሶ መጣ፣ ያውም ሁለት ሆኖ። አንደርቴከር ከአንደርቴከር ጋር ገጠመ፣ አንዱ ፎርጅድ ነበር። ሊቃችን ያኔም ፊዚክስ አላነሱም፤ የቱ ኦሪጅናል እንደሆነ በሻይ ተወራረዱ እንጂ። ኮርኒስ በስቶ የሚያርግ ሬሳ ይዋጥላቸዋል። ብረት ስታነሳ የኖረች ሴት ጊታር ስታነሳ ግን ሎጂክ ተጣሰ።

አንጀተ ቡቡዎቹም አሉ። "ወንድ ሴት ሲመታ ማየት አልችልም" ይላሉ፣ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው። እንዴት ያለ ርኅራኄ ነው! ቻይና ግን ተስማምታ፣ ተለማምዳ፣ ተከፍሏት ነው የተመታችው። ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ጎረቤታችሁ አልተስማማችም። አልተከፈላትም። ሌሊት ስትጮህ "በባልና ሚስት መሀል አይገባም" ብላችሁ ትራስ ጆሯችሁ ላይ የምትደፉት እናንተው አይደላችሁም? አታፍሩም?

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርኩ።

አሜሪካዊው ኮሜዲያን አንዲ ካውፍማንም በዘመኑ ሴቶችን መድረክ ላይ እየጠራ ይታገል ነበር። ለጣለችው 1,000 ዶላር እሰጣለሁ እያለ ይፎክርባቸዋል። እሱ እንኳ እየቀለደ ነበር። የእኛዎቹ ከልባቸው ነው።

ጸጉር ቤቱ ውስጥ ቀጣዩ ግጥሚያ ገባ። አንዱ በብረት ወንበር አናቱን ተመትቶ፣ አቧራውን አራግፎ ተነሳ። ሊቃችን አጨበጨቡ። "አሁን ገና ሬስሊንግ አየን!" ጸጉር ቆራጩ ቶንዶሱን እንደገና አጥፍቶ ዞረ።