እንቁራሪቷ የለችም ወይስ ማንም አልሄደም?

አንዲት እንቁራሪት የት የት እንደምትኖር የሚያሳይ ካርታ ላይ ጥቂት ቀይ ነጥቦች አሉ እንበል። የቀረው ባዶ ነው። ካርታውን ያየ ሁሉ ባዶውን «እዚያ የለችም» ብሎ ያነበዋል። እኔ ግን እንዲህ ዓይነት ካርታ ሳገኝ መጀመሪያ የመንገድ ካርታ አምጥቼ እደርብበታለሁ። ነጥቦቹ ብዙ ጊዜ መንገዱን ተከትለው ነው የሚሄዱት። እንቁራሪቷ አስፋልት ወዳ አይደለም። የተመራማሪው መኪና የሚገባው እስከዚያ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ባዶው ቦታ «ማንም አልሄደም» ማለትም ሊሆን ይችላል። ቢኬድስ መቼ ተኬደ? እንቁራሪት በጆሮ ነው የምትፈለገው። በሌሊት፣ ዝናብ ሲጥል፣ ወንዶቹ ሴቶቹን ሲጣሩ። የእያንዳንዱ ዝርያ ድምፅ የየራሱ ነው። ጆሮው የሠለጠነ ተመራማሪ ሳያያት ያውቃታል። በበጋ፣ በቀትር የሄደ ሰው ግን እዚያው ኩሬ ዳር ቆሞ «ምንም የለም» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። እባብማ ይብሳል። ሳምንት ሙሉ ተንከራትቶ አንድም ሳያይ የሚመለስ አለ።

የኮስታሪካው ወርቃማ ጉርጥ ነገሩን በደንብ ያሳያል። አብዛኛውን ዓመት ከመሬት በታች ተደብቆ ይኖርና ለመራባት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ብቅ ይል ነበር። በ1987 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ሞንቴቬርዴ በሚባለው ጭጋጋማ ጫካ ከ1,500 በላይ ታዩ። በ1989 የታየው አንድ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም አላየውም። ይህ የታወቀው በትክክለኛው ወቅት እየተመላለሰ የሚያይ ሰው ስለነበረ ነው። በሌላ ወር ቢኬድ ኖሮ ሁለቱም ዓመታት እኩል ባዶ ይመስሉ ነበር።

ተቃራኒውም አለ። በእስራኤል የሁላ ሸለቆ ረግረግ ሲደርቅ አብራ የጠፋች የመሰለች እንቁራሪት ነበረች። በ1996 «ጠፍታለች» ተባለ። በ2011 አንድ የጥብቅ ቦታው ሠራተኛ እንደወትሮው እየዞረ ሳለ አገኛት።

ያለው ነጥብም ቢሆን ሁሌ አይታመንም። ብዙው መረጃ የሚመጣው ሙዚየም ውስጥ ጠርሙስ ላይ ከተለጠፈ አሮጌ ወረቀት ነው። «ከወንዙ አጠገብ» ይላል። የትኛው ወንዝ? አንዳንዴ ደግሞ የቦታው ቁጥር ይጠፋና በኬክሮሱም በኬንትሮሱም ዜሮ ይገባል። ያኔ እንቁራሪቷ ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ወዲያ፣ ጊኒ ባሕረ ሰላጤ መሃል ትገኛለች። ጨው ውሃ ውስጥ!

ተሳቢዎቹ ደግሞ ወረፋው የደረሳቸው መጨረሻ ላይ ነው። የትኛው ዝርያ ለመጥፋት እንደተጋለጠ የሚመዝነው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ግምገማ ለእንቁራሪትና ለዘመዶቿ በ2004 ሲወጣ የተሳቢዎቹ እስከ 2022 ቆየ። እባብን ማን ይወዳል? የወፎችና የአጥቢዎች መኖሪያ ከተጠበቀ እነሱም አብረው ይተርፋሉ ተብሎ ሲታሰብ ኖሯል። ለብዙዎቹ ልክ ነው። በ2017 ከ10,000 በላይ ተሳቢ ዝርያዎችን የያዘ ካርታ ሲወጣ ግን እንሽላሊቶች ለብቻቸው ወጡ። እንደ አረቢያ ልሳነ ምድርና መካከለኛው አውስትራሊያ ያሉ ደረቅ ቦታዎች የእነሱ መናኸሪያ ናቸው። እንዲህ ያለውን ምድር አይቶ «ይጠበቅ» የሚል ብዙ ሰው የለም። ዛሬ ከአምስት ተሳቢ ዝርያዎች አንዱ፣ ከአምስት የእንቁራሪትና የዘመዶቿ ዝርያዎች ደግሞ ሁለቱ ያህል ለመጥፋት ተጋልጠዋል።

«ሁሉንም ቦታ በእግር ማዳረስ አይቻልም፤ የኮምፒውተር ሞዴል አለ አይደል?» የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው። ሞዴሉ እንስሳው የተገኘበትን ሙቀትና ዝናብ አይቶ መሰሉን ቦታ ሁሉ ቀለም ይቀባል። እኔ የማልስማማው ቀለሙን እንደ መጨረሻ መልስ ከሚወስዱት ጋር ነው። ማዳጋስካር ላይ ሞዴሉ የታወቁ እስስቶች ተገኝተው በማያውቁበት ቦታ «አሉ» ብሎ ቀባ። ተሳስቷል ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን ሄደው ፈለጉ። በ2003 ባሳተሙት ጽሑፍ ለሳይንስ አዲስ የሆኑ ሰባት የእስስት ዝርያዎች ማግኘታቸውን ተናገሩ።

ግድብ ወይም መንገድ ሊሠራ ሲል በሚቀርብ የአካባቢ ጥናት ላይ «ብርቅ ዝርያ አልተገኘም» የሚል ዓረፍተ ነገር አይጠፋም። ከጎኑ ተጽፎ ማየት የምፈልገው ይህንን ነው፦ ስንት ሌሊት ተፈለገ? በየትኛው ወር? ዝናብ ነበር ወይ?