ነርስ ሆና 40,000 ብር ያቅታታል?

የወሎ ሰዎች፣ የዛሬውን በፍቅር አልጽፈውም። ተናድጃለሁ። "ወሎ ደግ ነው፣ ወሎ ሰው አክባሪ ነው" ስትባሉ ደስ ይላችኋል። እኔንም ደስ ይለኝ ነበር። እስቲ ይህን ስሙኝ።

ኩታበር በኩል ባሏ የሞተባት አንዲት እናት አለች። ልጇ የ2014ቱን የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈትና አላለፈችም። አልፈርድባትም፤ ያን ፈተና ያለፈው ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ ነው። ያኔ የአንድ የግል ኮሌጅ መኪና በሞንታርቦ "ነርሲንግ ደረጃ 4፣ ተመርቀው ሥራ ይያዙ" እያለ ገበያ ለገበያ ይዞር ነበር። እናት በጎቿን ሸጣ አስመዘገበች። ለመጨረሻው ዓመት ክፍያ በግ አለቀ። ከአንድ ነጋዴ 40,000 ብር ተበደረች፤ ወለዱ በወር ከመቶ አሥር።

ልጅቱ ተመረቀች። ሲኦሲውንም፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን ማለቴ ነው፣ አለፈች፤ ጎበዝ ናት። ሙክት ታረደ፣ ተዘፈነ፣ እናንተም በላችሁ። ከዚያ ደሴ አንድ ክሊኒክ ተቀጠረች። መርፌ ትወጋለች፣ ቁስል ታጥባለች፣ ሌሊት ታድራለች፣ ጠዋት ወለሉንም ትወለውላለች። ደመወዟ 3,000 ብር። የእናቷ ዕዳ ወለድ ደግሞ በወር 4,000። የቤት ኪራይና ምሳ ገና አልተነሳም።

ነጋዴው ሲጠብቅ ሲጠብቅ ሽማግሌ ላከ። እኔን ያቃጠለኝ እዚህ ጋ ነው። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ ቡና ተፈላ፣ ጫት ቀረበ፣ ዱዓ ተደረገ። እናትየዋ "ወለዱን ማሩኝ፣ ዋናውን ቀስ ብዬ ልክፈል" አለች። አንዱ ሽማግሌ ሳቅ አለና "ነርስ ሆና 40,000 ብር ያቅታታል?" አለ። ሌሎቹም ሳቁ። ልጅቱን "ደመወዝሽ ስንት ነው?" ያላት የለም። እዚያው ቡና እየቀዳችላቸው ነበር እኮ!

ፍርዱም ወጣ። የተጠራቀመው ወለድ ይቅር፤ በምትኩ ዋናው እስኪከፈል ድረስ ነጋዴው መሬቷን በወለድ አግድ ይያዝ፤ ማለትም በወለዱ ፋንታ መሬቷን እያረሰ ይጠቀምበት። ሰውየው ተመሰገነ፤ ወለድ ትቷልና። እናትየዋ እጅ ነሳች።

ወለድ ተወ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ የወለድን ጣሪያ በዓመት 12 በመቶ ላይ አቁሞታል። በ40,000 ብር ላይ ሲታሰብ በዓመት 4,800 ብር ነው። ሰውየው በወር 4,000 ሲቆጥር ከረመ። አራጣ በወንጀልም ያስጠይቃል። ሕጉ ይቅር፤ ወለድ ነውር መሆኑን እስላሙም ክርስቲያኑም ያውቃል፣ ከተቀመጡት መሃል ሃይማኖት አዋቂ የሚባሉ ነበሩ። አራጣ አበዳሪው ተመርቆ ወጣ፣ ባለመሬቷ መሬቷን አስረክባ አመሰገነች። ምን ዓይነት ዕርቅ ነው ይሄ?

ልጅቱ ሁለት ወር ቆየችና ሳውዲ ሄደች። ለቤት ሠራተኝነት። ለነርስነት የተበደሩትን ብር ምንጣፍ እያጠበች ልትከፍል።

ይህን ስጽፍ ንዴቴ በርዶ ሆዴ ይባባል። ሽማግሌዎቹ ክፉዎች አይደሉም። ነጭ ጋውን ሲያዩ ብር ይታያቸዋል፣ በቃ። በ2017 ግንቦት ሐኪሞች ራሳቸው ደመወዙ አላኖረንም ብለው ሥራ ሲያቆሙ ወሬውን ሰምተዋል፤ ከጎረቤታቸው ልጅ ጋር ግን አላገናኙትም። የመንግሥት ሥራም እንደልብ አይገኝም፤ ገጠር ላይ አንድ ጤና ጣቢያ ለ25,000 ሰው ተብሎ ነው የሚታቀደው፤ ቅጥሩም በጀት ሲገኝ ነው። የግል ክሊኒክ ደግሞ የፈለገውን ይከፍላል፤ ለግል ሠራተኛ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ በሀገራችን እስካሁን የለም። ሞንታርቦው ይህን አይናገርም። እኛም አንጠይቀውም።

እባካችሁ ጠይቁ። ልጅ ከማስመዝገባችሁ በፊት አምና የተመረቀችውን የጎረቤት ልጅ አነጋግሩ። ሥራ አገኘሽ? ስንት ይከፍሉሻል? ኮሌጁንም የእውቅና ፈቃድህን አሳየን በሉት፤ ለየትኛው ትምህርት፣ እስከ መቼ እንደሆነ አንብቡት። ካላነበባችሁ የሚያነብ ይዛችሁ ሂዱ። ደመወዙ ወለዱን እንኳ የማይችል ከሆነ አትበደሩ። ልጅቱ አንድ ዓመት ብትቆይ ምንም አትሆንም።

ቅሬያችንስ፣ እድራችን? ድንኳኑም ድስቱም ለሞተ ሰው ወዲያው ይደርሳል። ለምትማር ልጅ ያለ ወለድ ማበደር ምን ያቅተዋል? ባለፈው ስብሰባ አንስቼው ነበር። "ቅሬ የለቅሶ ነው" ተባልኩ። አንድ ወጣት ብቻ "እስቲ እንየው" አለ፤ ነገሩም ለሚቀጥለው ወር ተቀጠረ። በአንድ ሰው ምን ይሆናል ትሉ ይሆናል። እኔም እላለሁ። ግን እሄዳለሁ።