ችግሩ የመኪና እጥረት ብቻ አይደለም
የከተማ ደረቅ ቆሻሻ ችግር በዋናነት የማንሻ መኪና እጥረት ነው መባሉ አላሳመነኝም፤ መኪና ቢበዛ ቆሻሻው ከደጃፍ ይርቅ እንደሆነ እንጂ ጉዳቱ በሚደፋበት ቦታ ይቀጥላል። ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የምግብ ትራፊና ሌላ የሚበሰብስ ነገር ሲሆን፣ ይህ ከፕላስቲክና ከባትሪ ጋር ተደባልቆ ሲከመር አየር በማያገኘው የክምሩ ውስጠኛ ክፍል ሚቴን የተባለ ተቀጣጣይ ጋዝ ይፈጠራል፤ ሚቴን ደግሞ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ በላይ ምድርን የማሞቅ አቅም ያለው ከመሆኑም ሌላ ክምሩን ለማጥፋት አስቸጋሪ ለሆነ እሳት ያጋልጣል። ከሥሩ የሚወጣው ጥቁር ፍሳሽም የማያሳልፍ ንጣፍ ካልተደረገለት እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ብረቶችን ይዞ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይሰርጋል። ስለዚህ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው እርጥቡን ከደረቁ በየቤቱ መለየትና እርጥቡን ወደ ኮምፖስት መቀየር ነው (ነዋሪው የለየውን መልሶ የሚደባልቅ መኪና ከመጣ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ማንም አይለይም)። ከእኔ በፊት አስተያየት የሰጡት አንባቢ «መኪና እስኪመጣ በግቢ ማቃጠል ይሻላል» ማለታቸው በእጅጉ አሳስቦኛል። በዝቅተኛ ሙቀት የሚነድ ፕላስቲክ፣ በተለይም ክሎሪን ያለበት ፒቪሲ፣ ዳይኦክሲን የተባለውን መርዝ ይለቃል፤ ጢሱ ቀድሞ የሚጎዳው በዚያው ግቢ ያሉትን ሕፃናትና የአስም ሕሙማን ነው፣ በአመዱ አማካይነት አፈር ውስጥ የቀረው ዳይኦክሲንም መሬት እየጫሩ በሚመገቡ ዶሮዎች እንቁላል ውስጥ ይከማቻል።