ሥዕል አፍ አያስርም

ወንድሜ፣ ገና አፉን ስላልፈታው ልጇ ለእህታችን «የሚቀበለው ትምህርት ቤት ካላገኘሽ አፉን እስኪፈታ ቤት ይቆይ፤ የሚፈልገውን በሥዕል ካርድ እንዲያሳይ ካስለመድሽው ጭራሽ መናገር ይተዋል» ብለሃታል። አዝነህ እንደሆነ ይገባኛል፤ ምክሩ ግን ልጁን ይጎዳል።

እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የጥናቶች ግምገማ በሥዕል፣ በእጅ ምልክት ወይም በመሣሪያ መግባባት የተማሩ፣ የዕድገት ውስንነት ያለባቸውን 27 ሰዎች ውጤት መርምሯል። ንግግሩ የቀነሰ አንድም አልነበረም። የአብዛኞቹ እንዲያውም ጨምሯል፤ ጭማሪው መጠነኛ ቢሆንም።

እህቴ፣ ውኃ ሲጠማው የሚጮኸው ልጅሽ የብርጭቆ ሥዕል አንስቶ እጅሽ ላይ ሲያኖር «ውኃ» እያልሽ ወዲያው ስጪው። ድገም፣ በአፍህ በል ብለሽ አታስጨንቂው። ሥዕሉ የሚሠራው ጥያቄው መልስ ሲያገኝ ነው።

ትምህርቱም ትምህርት ቤት እስኪገኝ አይቆምም። ጠረጴዛ ላይ በግራ በኩል ሁለት ሦስት አጫጭር ሥራዎች አስቀምጪ፤ የልብስ ቁልፎችን በቀለም መለየት፣ ካልሲ ማጣመር ይሁን። በቀኝ በኩል ያለቀው የሚገባበት ሳጥን ይኑር። ስንት እንደቀረው በዓይኑ ስለሚያይ «መቼ ነው የሚያልቀው?» የሚለው ጭንቀት ይቀልለታል። የንግግር ባለሙያ ካገኘሽም ዛሬውኑ አማክሪ፤ እስኪናገር አትጠብቂ።